የተያዘበት መስመር፣ የወደቀበት መስመር

እ.ኤ.አ. በ1965 በማይተዋወቁ ሁለት ቦታዎች ሁለት ወረቀቶች ተጻፉ።

አንዱን የጻፈው ሉዊ ፑዛን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። አሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ ውስጥ፣ መልቲክስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በኤፕሪል ወር አንድ ማስታወሻ አዘጋጀ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የኮምፒውተሩን ሥራዎች አንድ በአንድ በእጅ ከመጥራት ይልቅ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ በሰንሰለት እንዲሄዱ የሚያደርግ መሣሪያ ይኑር። ስሙን «ሼል» አለው፤ ቅርፊት እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የፖሊስ ሪፖርት ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ካለችው ወረ ኢሉ ተነሣ። ፍሬ ነገሩ ሕዝቡ ተርቧል የሚል ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ባጠኑት ሥራቸው እንደመዘገቡት፣ ወሬው የአስተዳደሩን እርከን ሁሉ ወጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ ከ300 ቀን በላይ ፈጅቷል። ከላይ የመጣው መልስ ደግሞ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክ የሚል ነበር።

እኔ ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁ፣ ኢንጂነሪንግ የተማርኩ፣ አሁን ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ዓመታቸው ስለገጠመ ብቻ አይደለም። የሚያነሱት ጥያቄ አንድ ስለሆነ ነው። ሥራ በሰንሰለት ሲሠራ፣ ከታች የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ፣ ላይ ያለው ሰው «የት?» የሚለውን በትክክል የሚያውቀው እንዴት ነው? የሼል ታሪክ፣ ቢያንስ አንዱ ክሩ፣ ለዚህች አንዲት ቃል መልስ ፍለጋ ነው። የዋግም ታሪክ እንደዚያው።

«ተሳሳትኩ» ማለት አይበቃም

ኮድ ለማትጽፉ በአጭሩ ላስረዳ። ሼል ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች የሚያነበው የትዕዛዝ ዝርዝር ነው። ይህን ፋይል ቅዳ፣ ያንን አጥፋ፣ ይህን ወደዚያ ሰርቨር ላክ። ባንኩም፣ ቴሌውም፣ ሆስፒታሉም፣ ሰርቨር ባለበት ሁሉ ሌሊት ሌሊት እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ይሮጣሉ። አንዳንዱ አሥር መስመር ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሺህ። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ሲጨርስ አንድ ቁጥር ይመልሳል። ዜሮ ማለት «ደህና» ነው። ከዜሮ ሌላ ምንም ቢሆን «አልተሳካም» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ያስገርማል። ሼል በተፈጥሮው አንድ ትዕዛዝ ሲወድቅ አይቆምም። ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ወደዚያ ፎልደር ግባ» የሚለው ትዕዛዝ ቢወድቅም፣ ቀጥሎ ያለው «እዚህ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ይፈጸማል፤ ያውም መሆን በሌለበት ቦታ። ስለዚህ ስህተትን መያዝ የሚባለው ሥራ መጣ።

ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ለዩኒክስ የጻፈው የመጀመሪያው ሼል በጣም ትንሽ ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ስቲቨን ቦርን የጻፈው ሼል ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ወጣ፤ ዛሬ የምንጽፈው የሼል ቋንቋ አጥንቱ የእሱ ነው። ቦርን «ትራፕ» የሚል ትዕዛዝም ነበረው። ትርጉሙ ወጥመድ ነው። «እንዲህ ያለ ምልክት ሲመጣ ይህን አድርግ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ታጠምዳላችሁ። ሰው ሥራውን በኪቦርድ ቢያቋርጠው፣ ወይም ስክሪፕቱ ሊወጣ ሲል፣ ወጥመዱ ይነሣል። ግን ለተራ ውድቀት፣ አንድ ትዕዛዝ «አልተሳካም» ብሎ ሲመለስ፣ የሚነሣ ወጥመድ አልነበረም። የወደቀበትን መስመር ቁጥር የሚሰጥም አልነበረም።

እነዚህ ሁለቱ የመጡት በ1980ዎቹ፣ እዚያው ቤል ላብስ ውስጥ ዴቪድ ኮርን ባሳደገው ኮርን ሼል ነው። አንደኛው «ኤረር ትራፕ» ሲሆን ትዕዛዝ በወደቀ ቁጥር የሚነሣ ወጥመድ ነው። ሁለተኛው «ላይንኖ» የሚባል ቫሪያብል ነው፤ አሁን የምንገኝበትን መስመር ቁጥር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1989 ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት የጻፈውና ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቼት ሬሚ የሚንከባከበው ባሽም ሁለቱንም በየጊዜው ወረሳቸው። ዛሬ ሊኑክስ ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት እሱን ነው።

ወጥመድ አለ፣ የመስመር ቁጥር አለ። ታዲያ ምን ቀረ? ሁለቱን ስታገናኟቸው ቁጥሩ ይዋሻል። ደግሞም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አይዋሽም።

ቁጥሩ የሚጻፈው መቼ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን ለማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከየወረዳው የሚመጡ ወርኃዊ ፋይሎችን ሌሊት ሌሊት የሚሰበስብ ስክሪፕት ተረከብኩ። የጻፈው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ሎጉን ስከፍት ወራት ሙሉ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ተደርድሯል፦ ስህተት፣ መስመር 4። ስህተት፣ መስመር 4። በመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ዘንድ «መስመር አራት ችግር አለበት» የሚል ወሬ ሁሉ ነበር። አንዱ እንዲያውም መስመር 4ን ለማስተካከል ሞክሯል።

መስመር 4 ላይ የነበረው ወጥመዱ ራሱ ነው።

ምክንያቱ ትምህርተ ጥቅስ ነው። ለትራፕ የምትሰጡትን ትእዛዝ በድርብ ጥቅስ ከጻፋችሁት፣ ሼሉ ላይንኖን ወደ ቁጥር የሚቀይረው እዚያው፣ ወጥመዱን በምታጠምዱበት ቅጽበት ነው። በነጠላ ጥቅስ ከጻፋችሁት ግን ቃሉ እንዳለ ይቀመጥና የሚፈታው ወጥመዱ ሲነሣ ነው። በአንዲት ምልክት ልዩነት፣ አንደኛው «አደጋው ሲደርስ የት እንደነበርክ ንገረኝ» ይላል፤ ሌላኛው «አሁን የት እንዳለህ ንገረኝና፣ አደጋ በደረሰ ቁጥር እሱኑ ድገምልኝ» ይላል።

ይህን ለወጣት ባልደረቦቼ ሳስረዳ ቀድሞ የተሞላ ቅጽ እላቸዋለሁ። ቦታና ቀን አስቀድሞ ታትሞበት በባዶ የሚጠብቅ ቅጽ አስቡ። ምንም ይሁን ምን፣ መልሱ ከተጻፈ ቆይቷል።

ሁለተኛው ውሸት ይህን ያስተካከለ ሰው ላይ ይመጣል። ወጥመዱ ሲነሣ ሥራውን የሚሠራ አንድ ፈንክሽን ትጽፋላችሁ፤ ሎግ የሚጽፍ፣ መልእክት የሚልክ። እዚያ ፈንክሽን ውስጥ ሆናችሁ ላይንኖን ከጠየቃችሁ የሚነግራችሁ የራሱን መስመር ነው። ሪፖርት የሚያደርገው ሰው የቆመበትን ቦታ እንጂ ነገሩ የሆነበትን አይነግራችሁም። መድኃኒቱ ቁጥሩን ከውጭ፣ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ፣ ለፈንክሽኑ አሳልፎ መስጠት ነው። የመመለሻ ቁጥሩንም እንዲሁ ከሁሉ በፊት መያዝ ያስፈልጋል፤ አንድ ሌላ ትዕዛዝ ብቻ ጣልቃ ቢገባ በራሱ ዜሮ ይተካውና ሎጋችሁ «ስህተት ተፈጥሯል፣ ሁሉም ደህና ነው» የሚል ይሆናል።

ባሽ ራሱም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። የባሽን የምንጭ ኮድ፣ ትዕዛዝ የሚያስፈጽመውን ፋይል ከፍታችሁ ብታነቡ፣ ከመደበኛው የመስመር ቁጥር ለብቻው የተቀመጠ አንድ ሌላ ቫሪያብል ታገኛላችሁ። ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «ለኤረር ትራፕ የሚሆን የመስመር ቁጥር» ማለት ነው። ወጥመዱ ሊነሣ ሲል ባሽ ከዚያ አውጥቶ ይጠቀምበታል። ለምን ለብቻው? ሼሉ በሥራ ላይ እያለ ቁጥሩ ስለሚንቀሳቀስ ነው። ነገሩ በሆነበት ቅጽበት ለይተህ ካላስቀመጥከው፣ ኋላ ስትፈልገው ሌላ ቦታ ደርሷል። ይህችን ቫሪያብል ሳያት ከሃያ ገጽ ማብራሪያ በላይ አስተምራኛለች።

ኮረም

አሁን ወደ ትልቁ ውሸት እንምጣ። እሱን ለማስረዳት ግን የሀገሬን ታሪክ ብጠራ ይቀለኛል።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984) ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አሰራጨ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ዓለም ያንን ምስል አይቶ ደነገጠ፤ ዘፈን ተዘፈነ፣ ገንዘብ ተዋጣ፣ አውሮፕላን ተላከ። ከዚያ ወዲህ በብዙ የውጭ ሰው አእምሮ ውስጥ የሰባ ሰባቱ ረሃብ አድራሻው ኮረም ነው።

ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር፣ በዋናው የአስፋልት መንገድ ላይ ያለች ከተማ ነበረች። ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ናት። እዚያ መጠለያ ውስጥ ተኮልኩሎ ከታየው ሕዝብ ብዙው የኮረም ሰው አልነበረም። ከዋግ ተራሮችና ከተከዜ ሸለቆ፣ ከሌሎችም የዙሪያ ወረዳዎች፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ የደረሰ ነው። ዋግ ውስጥ መንገድ አልነበረም፣ ጦርነት ግን ነበር፤ ካሜራም እህልም እዚያ አልደረሰም። ሰው ረሃብ ወዳለበት ሳይሆን እህል ይኖራል ወደተባለበት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዓለም ያወቀው ረሃቡ የተያዘበትን ቦታ ነው። የወደቀበትን አይደለም። መንገድ ላይ የቀሩት ደግሞ የትኛውም ቁጥር ውስጥ አልገቡም።

ወደ ሼል እንመለስ። ስክሪፕት ረዘም ሲል በፈንክሽን ይከፋፈላል። ዋናው ክፍል «ዞን» የሚል ፈንክሽን ይጠራል እንበል፤ «ዞን» ደግሞ «ወረዳ»ን ይጠራል፤ «ወረዳ» «ቀበሌ»ን። መስመር 41 ላይ፣ «ቀበሌ» ውስጥ፣ አንድ ፋይል ሊከፈት አልቻለም። ዋናው ክፍል «ዞን»ን የጠራው መስመር 120 ላይ ነው። ኤረር ትራፑን ከላይ በትክክል፣ በነጠላ ጥቅስ፣ አጥምዳችኋል። ምን ይሆናል?

በባሽ ውስጥ ኤረር ትራፕ በነባሪው ወደ ፈንክሽን አይወርድም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። የወደቀው ትዕዛዝ የፈንክሽኑ መጨረሻ ከሆነ፣ ውድቀቱ ከ«ቀበሌ» ወደ «ወረዳ»፣ ከ«ወረዳ» ወደ «ዞን» ይወጣና ዋናው ክፍል ላይ ሲደርስ ወጥመዱ ይነሣል። ሎጉ መስመር 120 ይላል፤ ኮረም ማለት ነው። ከወደቀው ትዕዛዝ በኋላ የተሳካ ሌላ ትዕዛዝ ካለ ደግሞ ፈንክሽኑ «ደህና» ብሎ ይመለሳል፤ ማንም ምንም አይሰማም። «ስህተት ሲኖር ወዲያው ውጣ» የሚለውን፣ ማለትም ሴት ማይነስ ትንሿ ኢን፣ ከላይ ከጻፋችሁ ደግሞ ስክሪፕቱ መስመር 41 ላይ ይሞታል፤ ኤረር ትራፑ ግን እዚያ ስላልወረደ አንድ ቃል ሳይጻፍ ይሞታል። ዝም ያለ ሰርቨር፣ ባዶ ሎግ።

የ1958ቱን የሪፖርት ሰንሰለት ሳነብ የማየው ይህንኑ ቅርጽ ነው። ከታች ያለው ጣቢያ ያያል። አውራጃው ይቀበላል። ደሴ ያለው ጠቅላይ ግዛት ይቀበላል። አዲስ አበባ ያለው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ይቀበላል። እያንዳንዱ እርከን የጠራውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከላይ ላለው ሰው ነገሩ «ወሎ ላይ አንድ ችግር አለ» ይሆናል። ወሎ ግን ከተከዜ ጀምሮ እስከ አፋር በረሃ ድረስ የሚዘረጋ ሀገር ነበር፤ ዋግ ከአውራጃዎቹ አንዱ ብቻ ነው። «ወሎ ተራበ» ማለት «ስህተት፣ መስመር 120» እንደ ማለት ነው። ሐሰት አይደለም። ግን በዚያ አድራሻ ማንም ሰው እህል ጭኖ የት እንደሚሄድ አያውቅም።

ትልቁ ኢ

የሼሉ መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004፣ በባሽ 3.0 ነው። ከዚያ እትም ጀምሮ ሴት ማይነስ ትልቁ ኢ የምትባል ምርጫ አለች፤ ረጅም ስሟ «ኤረር ትሬስ» ነው። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፦ ኤረር ትራፑን ወደ ፈንክሽን፣ ወደ ንዑስ ሼልና በትዕዛዝ ውስጥ ወደሚጠራ ትዕዛዝ ሁሉ ታወርሳለች። ወጥመዱ እስከ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል። አሁን ሎጉ መስመር 41 ይላል።

ከዚያው እትም ጋር ሙሉ ሰንሰለቱን የሚያሳዩ ዝርዝሮችም መጡ። «ፈንክኔም» አሁን በሥራ ላይ ያሉትን ፈንክሽኖች ስም ከታች ወደ ላይ ይደረድራል። «ባሽ ላይንኖ» እያንዳንዱ ከየትኛው መስመር እንደተጠራ ይይዛል። «ባሽ ሶርስ» በየትኛው ፋይል እንደሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት አንድ ነገር አለ፦ የመስመር ቁጥሩና ፋይሉ በአንድ ተራ ላይ አይገኙም። በባሽ ላይንኖ ዜሮኛው ቦታ ላይ ያለው ቁጥር የሚያመለክተው በባሽ ሶርስ አንደኛው ቦታ ላይ ያለውን ፋይል ነው። የተጠራው ሌላ፣ ጠሪው ሌላ ስለሆነ ነው። ይህን ካላወቃችሁ ትክክለኛ ቁጥር ከተሳሳተ ፋይል ጋር ታጣምሩና ሌሊቱን ሙሉ ጤነኛ ኮድ ላይ ታፈጣላችሁ። ሁሉን ለሚያሰለቸው ሰው «ኮለር» የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ መስመሩን፣ የፈንክሽኑን ስምና ፋይሉን አጣምሮ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የባሽ ነው፤ ሼል ሁሉ የሚያውቀው አይደለም። ኡቡንቱ ከ6.10 እትሙ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ፣ ለመደበኛው የሼል ስም «ዳሽ» የሚባል ፈጣንና ትንሽ ሼል ነው የሚያቀርበው። ዳሽ ኤረር ትራፕ የሚባል ነገር አያውቅም። ስክሪፕታችሁ የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ባሽን በስሙ ካልጠራ፣ ወጥመዱን ገና ስታጠምዱ «ባድ ትራፕ» ብሎ ይመልሳችኋል። ለማን እንደምትናገሩ ሳታውቁ የቋንቋውን ሕግ ብታከብሩ ዋጋ የለውም።

«ሁሉ ሰላም ነው»

የተሳሳተ ቁጥር ከሚሰጥ ወጥመድ የባሰ አለ፤ ጨርሶ የማይነሣ። ኤረር ትራፕ በሕጉ የማይነሣባቸው ቦታዎች አሉ። ትዕዛዙ የ«ኢፍ» ወይም የ«ዋይል» ፈተና ከሆነ አይነሣም፤ ምክንያቱም መውደቁ መልስ እንጂ አደጋ አይደለም። «ይህ ካልሆነ ያ ይሁን» በሚል ሁለት ቋሚ ምልክት የተያያዘ ትዕዛዝም፣ ከመጨረሻው በቀር፣ እንዲሁ። ያስኬዳል። ግን አንድ ሙሉ ፈንክሽን በ«ኢፍ» ውስጥ ከጠራችሁ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ጠለቅ ብሎ የሚጠራውም ጭምር፣ ከወጥመዱ ውጭ ይሆናል። ትልቁ ኢም አያድነውም።

ቧንቧም አለ። አንድ ትዕዛዝ ለሌላው፣ ሌላው ለሦስተኛው ሲያቀብል፣ ሼሉ የሚያየው የመጨረሻውን መልስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፋይሉን ሳያገኝ ወድቆ፣ የመጨረሻው ባዶ ዝርዝር በሥርዓት ደርድሮ «ደህና» ይላል። ለዚህ «ፓይፕፌይል» የሚባል ምርጫ አለ፤ ባሽ ውስጥ የገባው እሱም በ3.0 ነው። ፈንክሽን ውስጥ ደግሞ «ሎካል» ብላችሁ ቫሪያብል እያወጃችሁ በዚያው መስመር የትዕዛዝ ውጤት ከሞላችሁበት፣ የምታዩት የ«ሎካል»ን መልስ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ደህና» ነው። አውጁ፣ ከዚያ በሌላ መስመር ሙሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል እኛ ዘንድ። እነዚህን ሁሉ ስመለከት ግን በሽታውን ሆን ብሎ የደበቀ ሰው አይታየኝም። እያንዳንዱ እርከን በራሱ ሕግ ትክክል ነው። የመጨረሻው ሠራተኛ የተሰጠውን ደርድሯል። ፈታኙ ፈትኗል። አዋጁ ታውጇል። ሲደመሩ ግን «ሁሉ ሰላም ነው» የሚል ሪፖርት ይወጣል። በወረቀት የሚሠራ ቢሮክራሲም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ረሃብን ለመደበቅ ሁልጊዜ ክፉ ሰው አያስፈልግም፣ የመጨረሻዋን ፊርማ ብቻ የሚያይ ሥርዓት ይበቃል።

ትክክለኛነት ለምን?

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ዋናው ነገር ዝርዝር ነው፤ ቁጥሩ በጠራ ቁጥር ይሻላል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። በከፊል ልክ ነው። ግን ከላይ ያነሳሁትን መልስ አስታውሱ፦ የሞቱት ስም ዝርዝር ይላክ። ይህ እኮ የትክክለኛነት ጥያቄ ነው! ከመስመር ቁጥር አልፎ እያንዳንዱን ፊደል የሚጠይቅ። እንደ ስም ዝርዝር የጠራ መረጃ የለም። ችግሩ የተጠየቀው ከ300 ቀን በኋላ መሆኑና የተጠየቀው ከእህሉ በፊት መሆኑ ነው። ትክክለኛነት ሥራን የሚያስጀምር ሊሆን ይችላል፤ ሥራን የሚያዘገይ ሰበብም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ቁጥሩን ይዞ ወደ ቦታው የሚሄድ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። የከተማዬ ስም የሰባ ሰባቱን መከራ ስለሚያስታውስ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ፣ በአማራና በትግራይ ክልሎች ባሉ 40 ወረዳዎች ነበር። እኔን የሚማርከኝ «40 ወረዳዎች» የሚለው ነው። «ሰሜን ኢትዮጵያ» ወይም «ወሎ» አይልም። ወረዳ የሚለው ቃል ከመስመር 120 ወርዶ ወደ መስመር 41 የመቅረብ ሙከራ ነው። ዝቋላና ሰሃላ በአንድ ዞን ስም ተጠቅልለው ሲቀሩና በየራሳቸው ስም ሲጠሩ አንድ አይደለም። ከዚያ በታች ቀበሌ አለ፤ ከቀበሌ በታች ጎጥ፤ ከጎጥ በታች የአንዲት እናት ቤት። የትኛው ድረስ ወጥመዱ እንደሚወርድ የሚወስነው ቴክኖሎጂው ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «ይውረድ» ብሎ መጻፍ አለበት፤ በነባሪው አይወርድም።

ቃል ኪዳኑ ከተፈረመ ወዲህም ዋግ ጦርነትም ድርቅም አይቷል፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ሰው ሰቆጣ ውስጥ ተጠልሎ አይተናል። ያኔም ካሜራው የመጣው ሰቆጣ ነው። ሰቆጣ በተራዋ የተያዘበት መስመር ሆነች።

ስክሪፕት ለምትጽፉ፣ በተለይ ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ፋይል ለምታመላልሱ፣ የምመክረው አጭር ነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ባሽን በስሙ ጥሩ። ትልቁን ኢ፣ ትንሿን ኢ እና ፓይፕፌይልን አብሩ። ወጥመዱን በነጠላ ጥቅስ አጥምዱ። የመመለሻ ቁጥሩንና የመስመር ቁጥሩን ከሁሉ በፊት ያዙ። ሰንሰለቱን ሙሉ፣ ከፋይሉ ስም ጋር ጻፉ። አንድ ትዕዛዝ በብዙ መስመር ስትዘረጉ ሼሉ ለሁሉም አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚሰጣችሁ አውቃችሁ፣ አጠር አጠር አድርጉት።

ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለውን አድርጉ፦ ሞክሩት። ከሁሉ ጠለቅ ያለው ፈንክሽን ውስጥ ግቡና ሥራው መውደቅ ብቻ የሆነችውን «ፎልስ» የምትባል ትዕዛዝ ጨምሩ። መስመሯን በወረቀት ጻፉ። ስክሪፕቱን አሂዱ። ሎጉ ላይ የወጣው ቁጥር ወረቀታችሁ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ አጥፏትና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ካልገጠመ፣ ወይም ሎጉ ባዶ ከሆነ፣ ችግሩን ያወቃችሁት ምንም ሳይጠፋ ነው፤ ተቀምጣችሁ አስተካክሉት።